መቶ አሥራ ሁለት በመቶ

ሞንታና፣ ቢዩት፤ የሰኔ መባቻ፣
በረዶ አልለቀቀም ከተራራው ዳርቻ።
ስምንት ተማሪዎች ካውቶቡሱ ወጡ፣
ለአሥር ሳምንት ሥልጠና ከየግዛቱ መጡ።
ሰባቱ እንግዳ ናቸው፤ ስምንተኛዋ ግን
የከተማው ልጅ ናት፤ የአያቷን ሳንባ የበላው ማዕድን
ከቤተ ሙከራው መስኮት ወለል ብሎ ይታያል፦
ጉድጓድ ነበር ድሮ፣ ዛሬ ሐይቅ ይባላል፤
ዝገት የመሰለ ውሃ፤ ወፍ ሲያርፍበት ሰው ይሳቀቃል።

ስሟ ዳኒካ ነው። ዳኒካ ቩኮቪች።
ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ ፒዛ ስታደርስ የከረመች፣
በልኳ ጓንት ጠፍቶ የወንድ ያጠለቀች።

አሠልጣኟ ሬምያ፣ ከኬረላ ከመጣች አራተኛ ዓመቷ፣
ቁጣ አታውቅም፤ ግን ቀጭን ነው ትዕግሥቷ።
የመጀመሪያው ቀን ያለቻት ይህን ነው፦
«መዝገብሽ ላይ ስትጽፊ በእስክርቢቶ ነው።
ብትሳሳቺ አትፋቂ፤ አንድ መስመር ብቻ አስምሪበት፤
ስህተትሽ ከሥር ይነበብ፤ ቀን ጻፊበት።»

ሥራዋ? መዳብ የሚይዝ ሞለኪውል መሥራት፤
ከዚያ ውሃ መሐል መዳቡን መርጦ የሚያቅፍ፣ ሌላውን የሚተው።
ወረቀት ላይ ሲታይ አምስት እርምጃ ነው፤
ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ የራሱ ዓመል አለው።

አንደኛው ሳምንት፦ ጥቁር ሬንጅ።
ሁለተኛው፦ ሬንጅ፣ ግን ቡናማ።
በሦስተኛው ብልቃጡ ከእጇ አመለጠ፤
የሰባት ቀን ልፋት ወለል ጠጣው።
አራተኛውን አትጠይቁ።

ዓርብ ዓርብ ስብሰባ አለ። ፕሮፌሰር ሃልቮርሰን
ዶናት ይዘው ይመጣሉ፤ «እህሳ፣» ይላሉ፣ «ምን አገኘን?»
የፖርቶ ሪኮው ልጅ፣ ኤሊዩድ፣ ባለሦስት ቀለም ግራፍ ያሳያል፤
እሷ ዶናት ትቆርሳለች። ዝምታም መልስ ይሆናል።

ስድስተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ። ማታ ሦስት ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣
ከማጣሪያው ወረቀት ላይ ነጭ ነገር አየች፣ እንደ ጨው ደቃቅ።
የሚዛኑን በር ዘግታ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ
ቁጥሩን ጠበቀች፣ ወዲያ ወዲህ ብሎ እስኪረጋ።
አባዛች፣ አካፈለች፣ እንደገና አካፈለች፤
መቶ አሥራ ሁለት በመቶ! መዝገቡ ላይ ጻፈች፣
ሁለቴ አሰመረችበት፣ ለእናቷ ደወለች።

ሬምያ ጠዋት አየችው። አልሳቀችም፤ ትልቁ ውለታዋ ይህ ነው።
«ዳኒካ፣ ከሰጠሽው በላይ የሚመልስልሽ ማነው?»
«እናቴ፣» አለች ልጅቷ።
«ኬሚስትሪ እናት አይደለም። ትርፉ ያልደረቀ ኤታኖል ነው።»

እንደገና ሟሟ፣ ታጠበ፣ በምድጃ ደረቀ፤
ዱቄቱ እየነጣ፣ ቁጥሩ እየወደቀ፦
ሰማንያ ዘጠኝ። ስድሳ አራት። አርባ።
እሑድ ማታ ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ
ከዚህ ወዲያ እምቢ አለ።

እውነት እያደር ይጠራል ይባላል፤
ሚዛን ላይ አስቀምጦ ያየው ሰው የለም እንጂ፣
እየጠራ ሲሄድ ይቀልላል።

መቶ አሥራ ሁለትን በአንድ መስመር ሰረዘች።
ከሥር ይነበባል። ቀን ጻፈችበት። ትንሽ አለቀሰች፣
ከዚያ የወንድ ጓንቷን አጠለቀች።

ዘጠነኛው ሳምንት ከሐይቁ ውሃ መጣ፣ አንድ ጠርሙስ፤
ቁንጥር ያህል ነሰነሰችበት። ለረጅም ጊዜ ምንም።
ሰማያዊ ሆነ ብል እዋሻለሁ፤
ከጠርሙሱ ግርጌ አንድ ነገር
ወደ ሰማያዊ ማሰብ ጀመረ።
አያቷ በአካፋ ሲያወጣው የኖረው መዳብ
አሁን በጣት ቁንጥር ተይዞ ቆመ።

በመጨረሻው ቀን አዳራሹ በፖስተር ተሞላ፤
ክራቫት ያሰረ ሰውዬ፣ አይብ እየበላ፣
ቁጥሯ ላይ ጎንበስ አለና፣ «ሠላሳ አንድ ብቻ?» አላት።
ዳኒካ መስኮቱን አየች፣ ከመስኮቱ ወዲያ ውሃውን።
«ብቻ፣» አለችው።
«ግን ደረቅ ነው።»